ጃክ ሼፈርና የከብት ነጂዎች ዘመን ማክተም

ከብት አርቢ ሕዝብ ከመንጋው ሲለይ የሚያጣው ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም። በጋምቤላ ምድር የኑዌር ወጣት ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ በሰጠው በሬ ቀለምና መልክ ይሰየማል፤ ሲያገባም ጥሎሹ ከብት ነው። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተሰድደው እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የትየርኪዲ መጠለያ ለሰፈሩት ኑዌሮች መንጋን ማጣት የስምንና የማዕረግን መሠረት ማጣት ነው። የዚህን ዓይነቱን እጦት በአሜሪካ ምዕራብ አገር አስመስሎ ከጻፉት ደራስያን አንዱ ጃክ ሼፈር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሼፈር በ1907 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። በ1929 ከኦበርሊን ኮሌጅ ተመርቆ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የመመረቂያ ጽሑፉን በሲኒማ ዕድገት ላይ ለማዘጋጀት ቢጠይቅ ርእሱ ተቀባይነት ስላላገኘ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ በኒው ሄቭን፣ በባልቲሞርና በኖርፎክ ጋዜጦች ለዓመታት ሠራ። ሊያጠናው ተከልክሎ የነበረው ሲኒማ ግን ኋላ ስሙን በዓለም አስጠራለት።

«ሼን» የተባለውን የመጀመሪያ ልቦለዱን የጻፈው ምዕራቡን በዓይኑ ሳያይ፣ ከታሪክ መጻሕፍት ባገኘው ዕውቀት ነበር። ሥራው በ1946 በአርጎሲ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ1949 መጽሐፍ ሆነ። አመጣጡ የማይታወቅ አንድ ፈረሰኛ በዋዮሚንግ በከብት ባለጸጋና በሰፋሪ ገበሬዎች ጠብ መካከል ይገባል፤ ለገበሬዎቹ ተዋግቶ ካሸነፈ በኋላ እንደ እርሱ ላለ ሰው በዚያ ምድር ቦታ እንደሌለ ዐውቆ ይሄዳል። በ1953 ጆርጅ ስቲቨንስ ያዘጋጀው ፊልም በቀለም ፎቶግራፉ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ሆኖም በመጽሐፉ ጥቁር ለባሽና አስፈሪ የነበረው ሰው በአላን ላድ መልክ ወርቃማ ጠጉርና ለስላሳ ገጽ ይዞ ቀረበ።

በ1955 ሼፈር ኑሮውን ወደ ኒው ሜክሲኮ አዛወረ። ከምድሪቱ ጋር ከተላመደ በኋላ በ1963 ያሳተመው «ሞንቲ ዋልሽ» ከፊተኛው የተለየ ነው። በዚህ መጽሐፍ የከብት ነጂነት ከሁሉ በፊት ሙያ ነው፤ የሚገድለውም የሽጉጥ ጥይት አይደለም። በ1874 የፈጠራ መብት የተሰጠው የሾህ ሽቦ ክፍቱን ግጦሽ አጠረው፤ የባቡር ሐዲድ ረጅሙን የመንጋ ጉዞ አስቀረው፤ የ1886–87 ብርድና በረዶ ብዙ ከብት ፈጀ። ባለሙያው ፈረሰኛም ሥራ አጥ ሆነ።

በ1970 ዊልያም ፍሬከር ባዘጋጀው ፊልም ሊ ማርቪን ሞንቲን ሆኖ ሠራ። በ«ሼን» ውስጥ ነፍሰ ገዳይ የነበረው ጃክ ፓላንስ በዚህ ፊልም ታማኝ ባልንጀራው ሆኗል፤ እርሱም ባለሱቅ ሴት አግብቶ ከፈረስ ይወርዳል። ከሥራ የተባረረ ሌላ ጓደኛቸው ግን ወደ ዘረፋ ገብቶ ይህንኑ ባልንጀራ ይገድለዋል። ሞንቲ ልብስ አስጊጠው በትርኢት ላይ ሊያሳዩት ለሚፈልጉ ሰዎች እምቢ ይላል። ሙያውን ይወዳል፤ የሙያው መጫወቻ መሆንን ግን አይቀበልም። ታሪኩ በ2003 እንደገና ለቴሌቪዥን ተሠርቷል።

ሼፈር በመጨረሻ ዘመኑ ሰፋሪዎችን ከመደገፍ ተመለሰ። ሼን የተዋጋላቸው ሰዎች ያቀኑት ምድር የዱር አራዊት የጠፉበት መሆኑን ተመልክቶ በሰው ልጅ ሥራ ዐፈረ፤ ብዕሩንም ወደ እንስሳት አዞረ። በ1975 የታተመው የአሜሪካ አራዊት መጽሐፉ የዚህ ፍሬ ነው። በ1991 በሳንታ ፌ ዐረፈ።

ከሁለቱ ልቦለዶች ይበልጥ የታወቀው «ሼን» ነው። ከብቱን አጥቶ ስሙን ብቻ ለያዘ ሰው ግን የሚቀርበው ሞንቲ ነው፤ ከሙያው ጋር ክብሩንም እንዲጥል ሲጠየቅ እምቢ ብሏልና።