ካርል ዮሴፍ ባየር እና የአሉሚኒየም እርሾ

ባየር የሚለውን ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው የራስ ምታት ክኒን ነው። የክኒኑ ፋብሪካ ባየር ግን ሌላ ሰው ነው። እኛ የምንጽፍለት ባየር፣ ዛሬ ምሳ የበላነው ወጥ በተሠራበት የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ድካሙ ያለበት ነው።

ባየር እ.ኤ.አ. በ1847 ቢየሊትዝ በምትባል፣ ያን ጊዜ የኦስትሪያ፣ ዛሬ የፖላንድ በሆነች ከተማ ተወለደ። በሃይደልበርግ ከታላቁ ከቡንሰን ዘንድ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1871 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በኋላም ወደ ሩስያ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ያዘ።

በዚያ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚፈለገው ለብረታ ብረት አልነበረም፤ የጥጥ ጨርቅ ቀለሙን አጥብቆ እንዲይዝ ነበር። ችግሩን ለመረዳት ላቦራቶሪያችንን እናስታውስ። በሶዳ የሟሟውን አሉሚኒየም አሲድ ጨምረን በችኮላ ስናወርደው እንደ አጥሚት ይዝለገለጋል፤ ማጥለያውን ይደፍናል፤ ቢያጥቡትም በቀላሉ አይጠራም። ባየር በ1887 ያገኘው መላ የእናቶቻችንን የሊጥ ሥራ ይመስላል። ከቀድሞው የተረፈ ጥቂት የሃይድሮክሳይድ ደቃቅ እንደ እርሾ ጨምሮ ማማሰል ነው። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ከሚችለው በላይ ተሸክሞም ቢሆን ዘር ካላገኘ ረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ይቆያል፤ ዘሩ ሲገባበት ግን ሸክሙን በዘሩ ላይ ቀስ በቀስ ያራግፋል። የሚወርደው እንደ አሸዋ ያለ፣ ለማጥለልም ለማጠብም የሚመች ክሪስታል ነው። ይህ ክሪስታል ለእያንዳንዱ አሉሚና ሦስት ውሃ ይዟል፤ ውሃውን ጨርሶ ለማስለቀቅ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ እቶን ያስፈልጋል።

ከዚያም የቦክሳይትን ድንጋይ በጋለ ሶዳ፣ በግፊት፣ በተዘጋ ጋን ቀቅሎ አሉሚናውን ብቻ ማሟሟትን በ1892 ጨመረበት። በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ማውጣት ችለው ነበርና፣ ለአንድ ቶን ብረታቸው ሁለት ቶን ያህል ንጹሕ አሉሚና ይፈልጉ ነበር። የቀለም ነካሪዎች ዱቄት እንዲህ ገበያ አገኘ። ሆል ባለጸጋ ሆኖ ሞተ፤ ስሙንም መምህራን አይዘነጉትም። ባየርን ከክኒን ጋራ የምናምታታው ግን እኛው ኬሚስትሪ የምንማረው ነን።

ዛሬም የዓለም አሉሚና ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው በእሱ መንገድ ይመረታል። ሶዳው ያላሟሟው ብረት ያለበት ዝቃጭ ግን ቀይ ጭቃ ሆኖ ይቀራል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባንም። ባየር በዛሬዋ ስሎቬኒያ ውስጥ ኦክቶበር 4 ቀን 1904 ሞተ። በ2010፣ በዚያው ቀን፣ በሀንጋሪ አይካ አጠገብ የቀይ ጭቃ ግድብ ተደርምሶ ዐሥር ሰዎች አለቁ።