ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልእና የዝዋይ ክረምት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ዕድሜያቸውን ወጣቶችን በመሰብሰብና በማስተማር የፈጸሙትን የቀድሞውን የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልእን ታሪክ ነው። የሸዋ ጳጳስ ታሪክ ለእኛ ለእስቴ ልጆች ምን ያደርግልናል የሚል ቢኖር እባካችሁ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

እኛ ያለንበት አገር የትምህርት አገር ነው። የድጓው ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ምስክር ዙር አምባ ከዚሁ ከጋይንት ምድር ናቸው። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በሣር ጎጆ እያደረ ሲማር ሁላችንም አይተናል። ከዚሁ መንደር ደግሞ ደብተሩን ይዞ ወደ አስኳላ የሚሄደው ልጅ አለ። ሁለቱ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ እንጂ እምብዛም አይነጋገሩም። አንዱ ሌላውን ኋላ ቀር ይለዋል፤ ያኛውም ይህኛውን ከሃይማኖት የወጣ አድርጎ ያየዋል። ብፁዕነታቸው ዕድሜ ልካቸውን የደከሙት ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

የተወለዱት በ1932 ዓ.ም. በወሎ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት አድገው፣ መንኩሰው፣ በኋላም ዘመናዊውን የነገረ መለኮት ትምህርት ተምረዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ተማሪ ከውስጥ ያውቁታል። ጵጵስና የተሾሙት በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1974 ዓ.ም. የጻፉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ድረስ ከብዙ መምህራንና ተማሪዎች እጅ አልጠፋም።

የተሾሙበትን ዘመን ልብ እንበል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይነገር ነበር። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታስረዋል፤ በ1971 ዓ.ም. ማለትም እኒህ አባት ጳጳስ በሆኑበት ዓመት ተገድለዋል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ፍልስፍና እግዚአብሔር የለም የሚለው ነበር። በቤተ ክርስቲያን በኩልስ? እውነቱን እንናገር ካልን፣ ብዙዎቹ ወጣቱ ጠፋ እያሉ ከማዘን በቀር የተማረውን ልጅ ጠርተው አጠገባቸው የሚያስቀምጡ ጥቂቶች ነበሩ። ተማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ ያስፈራ ነበርና።

ብፁዕነታቸው የመሠረቱት የካህናት ማሠልጠኛ በዝዋይ ነበር። ዝዋይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ቆላማ ከተማ ነው፤ ዛሬ ባቱ ተብሎም ይጠራል። ከከተማው አጠገብ ያለው ሐይቅ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ የመነኮሳት መኖሪያ ስለ ነበሩ ለጸሎትና ለትምህርት የተመቸ ስፍራ ነው። በዚያ የገጠር ካህናትና ዲያቆናት ይሠለጥኑበት ነበር። ይህም ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ግድም የጨመሩት ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ፣ ሌላው ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ፣ የሕክምናውንም የምህንድስናውንም ተማሪ ወደ ዝዋይ ጠርተው ክረምቱን በገዳሙ እንዲያሳልፍ አደረጉ።

በዚያ ዘመን ወጣቱ ርቆ ሄዶ በጋራ መኖር አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ብዙ ሺህ ተማሪ በየገጠሩ ሰፍሯል። ልዩነቱ ወደ ዘመቻው የሄደው መንግሥት አዞት ሲሆን፣ ወደ ዝዋይ የሚሄደው ግን ወድዶ፣ ምናልባትም ከጓደኞቹ ተደብቆ መሆኑ ነው። ቢታወቅበት ለመጠርጠር ይበቃዋል። እዚያም ደርሶ ከዲያቆኑና ከመነኩሴው ጋር ይጸልያል፣ ያስቀድሳል፤ ነገረ ሃይማኖትን፣ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክና ሥርዓት ይማራል። ከጳጳስ ፊት ተቀምጦ የልቡን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ከዚያ በፊት ስንት ነበር? ደበሎ የለበሰው ተማሪና መነጽር ያደረገው ተማሪ በአንድ ጉባኤ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። መስከረም ሲጠባ ልጁ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ የተማረውንም በየማደሪያው ለጓደኛው ይነግራል።

ብፁዕነታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. በድንገተኛ የመኪና አደጋ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 50 ዓመት ነበር። ወሩም ሐምሌ፣ የክረምቱ ትምህርት ወራት ነበር። አባት ከሞተ ልጆቹ ይበተናሉ ተብሎ ቢፈራ የሚያስገርም አይደለም፤ አገሪቱም በጦርነት ላይ ነበረች።

በሚቀጥለው ዓመት በ1983 ዓ.ም. መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ አወረዳቸው። በዚያ ጦር ሰፈር ውስጥ ወጣቶቹ ተሰብስበው አብረው መጸለይ ጀመሩ። በግንቦት ወር መንግሥቱ ሲወድቅ ሠልጣኞቹ ከሰፈሩ ቢበተኑም ግንኙነታቸው አልተቋረጠም። በዝዋይ የተማሩትና በብላቴ የተሰባሰቡት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ማኅበሩም በኋላ በብፁዕነታቸው ስም የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች ከፍቷል፤ ሐመርና ስምዐ ጽድቅ የተባሉትንም አዘጋጅቷል። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ የሚባለው ትምህርትም ከዚያው ከዝዋይ ክረምት የተቀዳ ነው።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት ወንድሞችና እኅቶች ክረምት ሲመጡ ግቢ ጉባኤ የተማሩትን ለእኛ ያስተምሩናል። ቀን ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው፣ ማታ ጭቃውን ታጥበው ይመጣሉ። አንዳንድ ቀንም ዝናቡ ሲከብድ እኛ ስንቀር እነርሱ ብቻቸውን ይጠብቁናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።