ሐዲስ ዓለማየሁና የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ፦ ከዲማ ጉባኤ ቤት እስከ ቴሌቪዥን መስኮት

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ በሦስት መንገድ ለሕዝብ ደርሷል፤ በመጽሐፍ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ። ተመልካች አስቀድሞ የሚከተለው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። ፍቅሩን አንቆ የሚገድለው ግን አንድ ክፉ ሰው ሳይሆን ሥርዓት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የደራሲውን የሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት በመከተል፣ ያ የጨለመ ዓለም ከምን እንደ ተቀዳና በውስጡ ያለው የገበሬ እምቢተኝነት ለምን ልብ ሊባል እንደሚገባው ማሳየት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። እንደ ዘመኑ የካህን ልጅ ትምህርታቸውን በቤተ ክርስቲያን ጀመሩ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል። ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደብር ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስም ከቢቸና ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ደራሲው በኋላ በመጽሐፋቸው የሣሉትን አገር ያወቁት በተማሪነታቸው ነው። የጉባኤ ቤት ተማሪ የዕለት እንጀራውን በየደጁ ለምኖ የሚበላ በመሆኑ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ የባላባቱን አዳራሽም የጭሰኛውን ጎጆም ደጅ ይጠናል። ማን እንደሚበላና ማን እንደሚያበላ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚስዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ፤ ወደ ጎጃም ተመልሰውም አስተማሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወር በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ዘመቱ። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እጃቸውን ለጠላት ሲሰጡ ሐዲስም ከምርኮኞቹ አንዱ ሆኑ። ወደ ጣሊያን ተግዘው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ፤ የተፈቱትም የተባበሩት መንግሥታት ጦር ደቡብ ጣሊያንን ሲይዝ ነው። በተማሪነታቸው የሰውን በሰው መገዛት ከደጅ ሆነው አይተው ነበር፤ በደሴቶቹ ላይ ደግሞ በራሳቸው አካል ቀመሱት።

ከነፃነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ዲፕሎማት፣ በአገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ደራሲው ከመንግሥቱ ሹማምንት አንዱ ነበሩ። ትችቱ ከሥርዓቱ ውጭ የቆመ ሰው ትችት አለመሆኑ ክብደቱን ይጨምረዋል።

በልብ ወለዱ ውስጥ ጭቆና የሚሠራው በጭካኔ ብቻ አይደለም። የሚሠራው በዘር ቈጠራ፣ በመታያ፣ በእጅ መንሻና በልማድ ነው። ሰብለ ወንጌል የምትታሰረው በአባቷ የዘር ኩራት ነው፤ በዛብህን የሚያሳድደውም ወላጆቹ የተሳሉት ስለትና የድሃ ልጅነቱ ነው። ሥርዓቱን አብጠርጥሮ የሚያየው ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» ተብሎ እንደ እብድ ይቈጠራል፤ እውነት ተናጋሪን ማሳበድም አንዱ የአገዛዝ መሣሪያ መሆኑን ደራሲው በዚህ ያሳያሉ። ሦስቱም መጨረሻቸው መቃብር ነው። በዚህ ጨለማ መካከል ግን ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ መታያ ሲጠይቁ ገበሬዎቹ መክረው እምቢ ይላሉ። ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪም በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች ተሸንፈው ይማረካሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ለብቻው የቆመ ሁሉ ይወድቃል፤ አብሮ የመከረው ብቻ ይጸናል።

መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ ዐዋጁን የተረዳው ርስቱን ለማስለካትና ለመንጠቅ እንደ ተዘጋጀ መንገድ አድርጎ ነበር። ዐመፁ ከበረታባቸው ቦታዎች መካከል የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ዋነኞቹ ነበሩ። ገበሬው ተማምሎ ግብር ገማቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በአውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ከዚህ ተነሥቶ መጽሐፉ ዐመፁን ቀሰቀሰ ማለት ስሕተት ነው። የሞጣና የቢቸና ገበሬ በአብዛኛው ማንበብ የማይችል ነበር፤ ለእምቢታውም የራሱ የርስት፣ የመሐላና የሽፍትነት ወግ በቂው ነበር። ሁለቱ የሚመሳሰሉት ከአንድ ምንጭ ስለ ተቀዱ ነው። ልዩነታቸውም መዘንጋት የለበትም። የልብ ወለዱ ገበሬዎች የተነሡት በቅርብ በሚያውቁት ባላባት ላይ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የተነሡት ግን ከሩቅ በመጣ ዐዋጅ ላይ ነው፣ ከጎናቸውም የአካባቢ ባላባቶች ተሰልፈው ነበር። ስለዚህ ልብ ወለዱን እንደ ትንቢት ከማንበብ ይልቅ፣ የአገሩን ሰው የትዕግሥት ድንበር እንደሚያሳይ ጥናት ማንበብ ይሻላል።

ሐዲስ ንጉሣዊው ሥርዓት ሲወድቅ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቢቀርብላቸውም አልተቀበሉም። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የተባለው መጽሐፋቸው ወጣ። ቀጥለውም «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ «የእልም ዣት»ንና «ትዝታ»ን አሳተሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥልጣንን ከውስጥ ያወቁት ሰው የመጨረሻውን ሥልጣን ትተው ብዕርን መምረጣቸው፣ በመጽሐፋቸው የተቹትን በሕይወታቸውም እንደ መሰከሩበት ያስቈጥራል።

ዛሬ የቢቸናና የሞጣ ወጣት የዚያን ዘመን ጭቆና በቴሌቪዥን ያያል። ድራማው የፍቅሩን ኀዘን ሲያደርስ፣ የገበሬውን ምክር የማድረስ ኃላፊነት ግን በተመራማሪው ላይም ይወድቃል። በ1960 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ገበሬ ዛሬ ወደ ሰማንያው ተጠግቷል። በየቀበሌው ያሉት አረጋውያን ትዝታ ሳይቀረጽ ካለፈ፣ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ እምቢታ የሚቀርልን በአብዛኛው የመንግሥት መዝገብና አንድ ታላቅ ልብ ወለድ ይሆናል።