ዕጢን ለማስራብ የተነሱት ሐኪም

ለዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ከሐኪም ታሪክ ምን ይፈልጋል የሚለኝ አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ነገሩ የኛም ጉዳይ መሆኑ ይገባችኋል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ጁዳ ፎክማን በ1933 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአይሁድ ረቢ ስለነበሩ ሆስፒታል የተኙ ምእመናንን ሊጠይቁ ሲሄዱ ልጃቸውን ያስከትሉ ነበር። ሐኪም የመሆን ምኞት ያደረባቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ነው። በ1957 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። በ1967፣ ገና በ34 ዓመታቸው፣ የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ዋና ቀዶ ጠጋኝ ሆኑ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የቀየረው ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በባህር ኃይል ሲያገለግሉ ያዩት ነው። የደም ምትክ ለማግኘት ሲመራመሩ፣ ከእንስሳ ወጥቶ በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሕይወት በቆየ የአካል ክፍል ላይ የካንሰር ሴሎች አኖሩ። ዕጢው የስፒል ራስ ሲያክል ቀጥ አለ። ያው ዕጢ ወደ አይጥ ሲዛወር ግን በፍጥነት ተስፋፋ። ልዩነቱ ምን ነበር? አይጧ ውስጥ አዳዲስ የደም ስሮች ገብተውበታል።

ከዚህ ተነስተው በ1971 አንድ ሐሳብ አሳተሙ። ዕጢ የደም ስሮችን ወደ ራሱ የሚጠራበት ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ያንን ጥሪ ማፈን ከተቻለ ዕጢው ይራባል የሚል ነው። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም። ስሮቹ በቁስለት ምክንያት የመጡ እንጂ በዕጢው የተጠሩ አይደሉም አሉ። ንግግር ለማድረግ መድረክ ሲወጡ አዳራሹን ጥሎ የሚወጣም ነበር። እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ እንዲያውም በ1981 የዋና ቀዶ ጠጋኝነቱን ሥራ ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለምርምር ሰጡ።

በ1984 እሳቸው በሚመሩት ቤተ ሙከራ የደም ስርን እድገት የሚቀሰቅስ አንድ ፕሮቲን ተጣርቶ ወጣ። በ1989 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለውን ዋነኛውን የደም ስር እድገት ቀስቃሽ ለዩ። ጥሪው እውነት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የአንጀት ካንሰር የሚመጣው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከታማሚዎች በቀዶ ጥገና የወጡ የአንጀት ዕጢዎችን መመርመር ጀመሩ። ይህ ፕሮቲን በብዛት የተገኘባቸው ዕጢዎች የደም ስር የበዛባቸው፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም የመሰራጨት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የፕሮቲኑ መጠን የታማሚው ነገ ምን እንደሚመስል ጠቋሚ ሊሆን ይችላል ተባለ። ልብ በሉ፣ ጠቋሚ ነው ያልኩት። ደመናው ከብዷል ማለት ይዘንባል ብሎ መማል አይደለምና። የአለካኩ ዘዴ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ስለሚለያይ ምርመራው የዘወትር ሥራ ሆኖ አልቀረም። ዛሬም ሐኪም ከሁሉ በፊት የሚያየው ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ፣ ንፍፊቶች ጋ እንደደረሰና ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ እንደተዛመተ ነው።

አሁን ወደኛ ሙያ ልመለስ። በግንቦት 1998 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከፎክማን ቤተ ሙከራ ስለወጡ ሁለት መድኃኒቶች በፊት ገጹ ጻፈ። ጽሑፉ ሙከራው የተደረገው በአይጥ ላይ መሆኑን አልደበቀም። ግን የፊት ገጽ የፊት ገጽ ነው! መድኃኒቶቹን ይዞ የነበረው ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ልዩነት ከ12 ዶላር ተነስቶ እስከ 85 ዶላር ደረሰ። ከዚያ የከፋው ደግሞ የታማሚዎችና የቤተሰቦቻቸው የስልክ ጎርፍ ነው። ፎክማን ራሳቸው ውጤቱ የአይጥ እንጂ የሰው አይደለም እያሉ ሰውን ማረጋጋት ነበረባቸው። በኋላ በሰው ሲሞከሩ መድኃኒቶቹ የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም።

ሐሳባቸው ግን አልሞተም። በየካቲት 2004 ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.ን የሚያፍነው ቤቫሲዙማብ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ የታማሚዎችን አማካይ ዕድሜ ከ15.6 ወር ወደ 20.3 ወር አሳደገ። ከአራት ወር በላይ ነው። ፈውስ አይደለም፤ ግን ልጁን ለሚድር አባት አራት ወር እኮ ቀላል አይደለም። በዕጢው ውስጥ ያለው የፕሮቲን መጠን ግን መድኃኒቱ ማንን እንደሚጠቅም ለይቶ ሊናገር አልቻለም።

ዶክተር ፎክማን በጥር 2008 ወደ ስብሰባ ሲጓዙ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በልብ ድካም በድንገት አረፉ። 74 ዓመታቸው ነበር።

ከታሪካቸው ለራሴ ሦስት ጥያቄዎች ወስጃለሁ፤ ለናንተም ይጠቅሟችኋል። ስለ አዲስ መድኃኒት ልጽፍ ስል፣ የተሞከረው በአይጥ ነው በሰው? ጥቅሙ በወር ሲቆጠር ስንት ነው? የተገኘው ጠቋሚ ነው ወይስ ፈውስ? እነዚህ ሳይመለሱ ርዕስ መጻፍ የለብንም። ጋዜጣውን ከሚያነቡት መካከል ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የሚያነብ አለና።