ጆሴፍ ሄንሪና የጥቅል ሽቦ መለኪያ

ሬዲዮ ለመገጣጠም ወይም የኤሌክትሪክ ሙከራ ለማድረግ የሚሻ ተማሪ ሁሉ፣ አንድ ቀን የሽቦ ጥቅል በእጁ ይዞ ኢንዳክታንሱን በምን ልለካው ብሎ መጨነቁ አይቀርም። የረቀቀው መለኪያ ዋጋው ውድ ነው፤ የተማሪ ኪስ ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ርካሹን መለኪያ ከመምረጣችን በፊት፣ የመለኪያው አሐድ በስሙ የተጠራለትን የጆሴፍ ሄንሪን ሕይወት መመልከት ይበጀናል እንላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ በ1797 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ግዛት በኦልባኒ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት ለአንድ ሰዓት ሠሪና ብር አንጥረኛ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በወጣትነቱ ልቡ ያዘነበለው ወደ ቲያትር ነበር፤ ነገር ግን በ16 ዓመቱ ገደማ ከእናቱ ቤት ተከራዮች የአንዱን የሳይንስ መጽሐፍ አግኝቶ ቢያነብ ሐሳቡ ተለወጠ። በ1819 ዓ.ም. በኦልባኒ አካዳሚ ያለ ክፍያ እንዲማር ተፈቀደለት፤ ለኑሮውም ሌሎችን ያስተምር ነበር። በ1826 ዓ.ም. እዚያው የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ሆነ።

ማስተማሩ ቀኑን ስለሚፈጅበት፣ ለምርምር የሚተርፈው ዋነኛ ጊዜ ተማሪዎች ለዕረፍት የሚበተኑበት የኦገስት ወር ነበር። በ1825 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን የሠራው የኤሌክትሪክ ማግኔት ራቁት ሽቦ በብረት ላይ ተራርቆ የተጠመጠመበት ነበር። ሄንሪ ግን ሽቦውን ራሱን በሐር ሸፍኖ፣ ጥምጥሙን አጠጋግቶ በላይ በላዩ ደረበው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በ1831 ዓ.ም. ለዬል ኮሌጅ የሠራው 27 ኪሎ ያህል የሚመዝን ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሣ።

ስሙን ከመለኪያው ጋር ያስተሳሰረው ግን ከዚህ ግዙፍ ማግኔት ይልቅ አንዲት ትንሽ ብልጭታ ናት። ሽቦን ከባትሪ ሲያላቅቅ፣ ሽቦው ከ30 ሴንቲሜትር ያነሰ ከሆነ ብልጭታ አይታይም ነበር፤ 9 ወይም 12 ሜትር ሲሆን ግን ደማቅ ብልጭታ ይታያል፤ ያው ሽቦ ሲጠቀለል ደግሞ ይበረታል። ይህን በ1832 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጣ። ጭነት የበዛበት ጋሪ ቶሎ እንደማይነሣ፣ ከተነሣም በኋላ ቶሎ እንደማይቆም፣ በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ለውጥን ይቃወማል። ኢንዳክታንስ የምንለው ይህንኑ ነው። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 1 አምፔር ሲለወጥ 1 ቮልት የሚያስነሣ ጥቅል 1 ሄንሪ አለው ይባላል።

በ1832 ዓ.ም. ወደ ፕሪንስተን ተዛውሮ ካስተማረ በኋላ፣ በ1842 ዓ.ም. ሌላ ድንቅ ነገር አስታወቀ። ኤሌክትሪክ ያጠራቀመውን የላይደን ጠርሙስ በጥቅል ሽቦ በኩል እያስለቀቀ፣ በጥቅሉ ውስጥ የብረት መርፌ ያኖር ነበር። መርፌዋ አንዳንድ ጊዜ ከተጠበቀው በተቃራኒ ማግኔት ሆና ተገኘች። ከዚህም ኤሌክትሪኩ አንድ ጊዜ ፈስሶ እንደማያበቃ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቀስ በቀስ እንደሚከስም ተረዳ። የምልልሱን ፍጥነት የሚወስኑት ጠርሙሱና ጥቅሉ መሆናቸውን ዊልያም ቶምሰን በ1853 ዓ.ም. በሒሳብ አሳየ።

እንግዲህ በዛሬው ገበያ ካሉት ርካሽ መለኪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ነው። ልኩ የታወቀ ካፓሲተር ከጥቅሉ ጋር ያገናኙና ምልልሱን ይቆጥራሉ። ለምሳሌ 1 ሚሊሄንሪ ከ100 ናኖፋራድ ጋር ሲገናኝ በሰከንድ 15,900 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ስለዚህ መለኪያ የሚገዛ ተማሪ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የሚለካው ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው? በምን ያህል ፍሪኩዌንሲ ይለካል? የራሱን ሽቦዎች ኢንዳክታንስ ቀንሶ ከዜሮ ይነሣልን? ብረት ያለበት ጥቅል በትንሽ ኤሌክትሪክና በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሲለካ የሚሰጠው ቁጥር፣ በ50 ሄርዝ ሥራ ላይ ካለው ይለያል። ተራው መልቲሜትር ደግሞ በአብዛኛው የሽቦውን ሬዚስታንስ እንጂ ኢንዳክታንሱን አይነግረንም። ምንም መለኪያ ያልገዛ ቢሆን እንኳ፣ በቤተ ሙከራ ኦሲሎስኮፕ፣ የፍሪኩዌንሲ ማመንጫና አንድ የታመነ ካፓሲተር ካገኘ ራሱ አስልቶ ይደርስበታል። በዚህ ጊዜ የካፓሲተሩ ልክ በመቶ 1 ቢሳሳት ውጤቱም በመቶ 1 ይሳሳታል፤ ፍሪኩዌንሲው በመቶ 1 ቢሳሳት ግን ውጤቱ በመቶ 2 ያህል ይዛባል።

ሄንሪ ለፈጠራዎቹ የባለቤትነት መብት አላወጣም። ሞርስ የተጠቀመበት ቴሌግራፍ በእርሱ ግኝት ላይ ቢቆምም፣ ሀብቱ ወደ ሌሎች ሄደ። በ1846 ዓ.ም. የስሚዝሶንያን ተቋም የመጀመሪያ ጸሐፊ ሆኖ፣ በ1878 ዓ.ም. በዋሽንግተን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አገለገለ። በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኢንዳክታንስን አሐድ ሄንሪ ብሎ ሰየመው። የካፓሲተር አሐድ ፋራድ የተባለው በማይክል ፋራዴይ ስም ስለሆነ፣ በአንዱ ርካሽ መለኪያ ላይ ሁለቱ ሊቃውንት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

መርፌን መለኪያ ያደረጋት ዋጋዋ አይደለም፤ የያዛት ሰው ምን እንደሚጠይቃት ማወቁ ነው። ስለዚህ እኛም ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ጥያቄያችንን እናስተካክል እንላለን።