ምላጭ የሠራው ሕልመኛ
(የኪንግ ካምፕ ጂሌት የሕይወት ታሪክ ባጭሩ)

ቦንጋም ይሁን ዋጫ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ከተማ፣ ከባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አይጠፋም። ጢም ይላጩበታል፤ ጥፍር ይቆርጡበታል፤ ልብስ ሰፊ ክር ይበጥስበታል፤ ተማሪም እርሳስ ይቀርጽበታል። ዕቃውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ያሰበውን ሰው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሰውዬው ደግሞ ከዕቃው ይልቅ የሚያስገርም ነውና ታሪኩን ለጓደኞቼ ተማሪዎች ለማቅረብ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት ጃንዋሪ 5 ቀን 1855 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ተወለደ። ኪንግ በእንግሊዝኛ ንጉሥ ማለት ቢሆንም ለእርሱ ስም እንጂ ማዕርግ አልነበረም። ቤተ ሰቡ ወደ ቺካጎ ከሄደ በኋላ በ1871 በከተማዋ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ያባቱ ንግድ ወደመ። ወጣቱም በዐሥራ ስድስት ዓመቱ እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ።

በዚህ ዙረቱ ብዙ አየ። አንዱን ዕቃ ዐሥር ፋብሪካ ሲሠራው፣ ዐሥሩም እርስ በርሳቸው ሲጠላለፉ፣ በመካከሉም ድኻው ሲጎዳ ተመለከተ። ስለዚህ በ1894 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የድኽነትና የወንጀል ሥር የንግድ ፉክክር ነው፤ ፉክክር ይቅርና የአገሩ ሀብት ሁሉ ሕዝቡ በጋራ በያዘው በአንድ ኩባንያ ይመረት፤ አብዛኛው ሕዝብም በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ኃይሉን ከፏፏቴው በሚያገኝ በአንድ ታላቅ ከተማ ይኑር የሚል ነበር። የከተማውንም ስም ሜትሮፖሊስ አለው። መጽሐፉ ግን ዓለምን አልለወጠም።

ጂሌት በዚያን ጊዜ ተቀጥሮ የሚሠራው የጠርሙስ ቆርኪን ለፈጠረው ለዊልያም ፔይንተር ነበር። ፔይንተርም ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞበት የሚጥለው፣ ጥሎም ተመልሶ የሚገዛው ዕቃ ቢያስብ እንደሚበጀው መከረው። ይህ ምክር ከአእምሮው አልወጣም። በ1895 አንድ ቀን ጧት ሊላጭ ሲል ምላጩ ደንዞ አገኘው። የዘመኑ ምላጭ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ በየጊዜው በቆዳ ላይ የሚሳል፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ጕንጭ የሚቈርጥ ነበር። እውነት ነው፤ ካምፕፌ የሚባሉ ወንድማማች በ1880 በኒውዮርክ አንድ ስለት ብቻ ያለው፣ ቆዳ እንዳይቈርጥ ከለላ የተደረገለት መላጫ አውጥተው ነበር። የዚያም ስለቱ ወፍራም ስለ ነበር ከመሳል አያድንም። ጂሌት ያሰበው ግን ስስ፣ ርካሽ፣ በሁለት ወገን የተሳለና ሲደንዝ የሚጣል ስለት ነው።

ማሰቡ ቀላል፣ መሥራቱ ከባድ ሆነ። የብረት ዐዋቂዎች እንዲህ የሳሳ አረብ ብረት ጠንክሮ ሊሳል አይችልም ብለው መለሱት። ስድስት ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ ዊልያም ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ አግኝቶ በ1901 ኩባንያው ተቋቋመ። ኒከርሰን ብረቱን የሚያጠነክረውንና የሚስለውን መሣሪያ ሠራ። ሽያጭ በተጀመረበት በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ስለት ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የተሸጠው መላጫ ከ90 ሺህ በለጠ። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተሰለፈች ጊዜም መንግሥቱ ለወታደሮቹ 3 ሚሊዮን ተኩል መላጫ አዘዘ። የጂሌት መልክ በስለቱ መጠቅለያ ላይ እየታተመ ባሕር ተሻገረ።

እንግዲህ ፉክክርን ያወገዘው ሰው በፉክክር አሸንፎ ባለጸጋ ሆነ። ይሁን እንጂ ሕልሙን አልተወም። በ1910 የዓለም ኩባንያ የሚለውን ዐሳብ አውጥቶ፣ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአንድ ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ እንዲመሩለት ለመናቸው፤ እርሳቸውም አልተቀበሉትም። በ1924 ያንኑ ዐሳብ የያዘ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ምላጩን የገዛው እልፍ አእላፍ ሲሆን መጽሐፉን ያነበበው ጥቂት ሆነ።

መጨረሻው አላማረም። በ1930 ኩባንያው ባለ አንድ ስለት መላጫ ከሚሠራው ከሄንሪ ጋይስማን ኩባንያ ጋር ሲዋሐድ፣ ትርፉ ለዓመታት ከእውነተኛው በላይ እየተጋነነ ሲጻፍ መኖሩ ተገለጠ። የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ጠፋ። ጂሌት በ1931 ከሹመቱ ወረደና ጁላይ 9 ቀን 1932 በካሊፎርኒያ ሞተ።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የካፋ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በተማረኩበት በ1897 ጂሌት ገና ስለት በመፈለግ ላይ ነበር። መንግሥቱም አለፈ፤ የጂሌት ከተማም አልተሠራም፤ ምላጩ ግን ሩቅ አገር ገበያ ድረስ ገባ።

አንዳንድ ሰው ጂሌትን ግብዝ ይለዋል። እኔ እንዲህ አልለውም፤ ሀብቱን ካገኘ በኋላ ዐሳቡን ሸሽጎ መኖር ይችል ነበርና። ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድነት እንዲሠራ የተመኘ ሰው፣ በራሱ ፋብሪካ ውስጥ ያን አንድነት ሊጀምር ሲችል፣ ሁሉን ለሚመጣው ታላቅ ከተማ አቆየው። እኛም በዚህ ግቢ ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ ነገ ግን ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር እንይዛለን። ያን ጊዜ ክርክራችንን በእጃችን ባለው ትንሽ ሥልጣን ካልጀመርነው፣ ሌላ የሚጀምርልን አይኖርም።