ቢላል (ረ.ዐ) ለወንድሙ ሽማግሌ ሲሆን

ቢላል ኢብን ረባሕን (ረ.ዐ) ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን። እናቱ ሐማማ ሐበሻዊት ነበረች። እሱም መካ ውስጥ በባርነት አደገ። ኡመያ ኢብን ኸለፍ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ድንጋይ ሲጭንበት የአላህን አንድነት ከመመስከር አልተመለሰም። አቡበክር (ረ.ዐ) ነፃ አወጣው፤ መዲና ላይም የመጀመሪያው ሙአዚን ሆነ። ወንድም እንደነበረው ግን ብዙም አናነሳም።

ኢብን ሰዕድ እንደዘገበው ይህ ወንድሙ ራሱን ከዐረብ ዘር ይቆጥር ነበር። አንዲት ዐረብ ሴት ለማግባት ሲጠይቅ ቤተሰቦቿ ቢላል ከመጣ እንደሚድሩለት ነገሩት። ቢላልም መጣ። የራሱንና የአባቱን ስም ጠርቶ፣ ሰውየው ወንድሙ መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎም ወንድሙ በአኽላቁም በዲኑም ጉድለት ያለበት መሆኑን፣ መዳርም መተውም የእነሱ ፈንታ መሆኑን ገለጸላቸው። እነሱም የቢላልን ወንድም እንደማይመልሱ ተናግረው ዳሩለት።

ቢላል ወንድሙን አላፈረበትም፤ አብሮት ሄዷል። ለወንድሙ ሲል ግን አልዋሸም። የዘር ቆጠራ በከበደበት ዘመን በሩን የከፈተው የቢላል ታማኝነት ነው።

ለዲን ወንድሙም እንዲሁ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሶሓቦችን ሲያወንድሙ ከአቡ ሩወይሓ ጋር አወንድመውት ነበር። ከዓመታት በኋላ ዑመር (ረ.ዐ) የሻምን መዝገብ ሲያደራጅ ቢላል ከአቡ ሩወይሓ እንደማይለይ አሳወቀው። በዚህም የሐበሾች መዝገብ ከአቡ ሩወይሓ ጎሳ ከኸሥዐም ጋር ሆነ። ቢላል በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሻም ውስጥ አረፈ።

እዚህ ጎባና ሮቤም ሽማግሌ ሲላክ ቶሎ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነና ጎሳው ነው። ቀጥሎ የምንጠየቀው እኛ ነን። የልጅቷ ወንድም ወይም አጎት ይደውልና ግቢ ውስጥ ስለምናውቀው ጓደኛችን ይጠይቀናል። ሶላት እንደሚያሳልፍ፣ የተበደረውን እንደማይመልስ እያወቅን ጥሩ ልጅ ነው ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ለጓደኛችን የዋልንለት ይመስለናል፤ የአንዲት እህታችን ትዳር ግን በዚያች ቃላችን ላይ ይቆማል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ሲጠራ ቢላልን እናስታውስ። ለወንድማችን እንቁም፤ እውነቱንም እንናገር። አላህ ከእውነተኞቹ ያድርገን። አሚን።